የዕድሜ ማስረጃና መዝገብ፦ ለጅማ ፎቶ ቤቶችና ቪዲዮ ቤቶች የትኛው ሰነድ፣ የትኛው አያያዝ ይሻላል?

ካሜራ ፊት የቆመ ሰው 18 ዓመት መሙላቱን በዓይን ገምቶ ማለፍ በሙያችን የቆየ ልማድ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው በጅማ የማስታወቂያ፣ የዘፈን ክሊፕ፣ የአጭር ፊልምና የሞዴል ፎቶ ሥራ ለሚሠሩ ባለሙያዎች ሲሆን፣ ልማዱን ትተን በሰነድ ለመሥራት ስንወስን ከፊታችን የሚቀርቡትን አማራጮች ያነጻጽራል። የትኛውን የዕድሜ ማስረጃ ብንቀበል ይሻላል፣ የተቀበልነውንስ በወረቀት፣ በኮምፒውተር ወይስ በስልክ ብንይዘው ይበጃል፣ ለምን ያህል ጊዜስ እናቆየው የሚሉት ጥያቄዎች ዋና ጉዳዮቹ ናቸው።

ጉዳዩን የማነሣው ሕግ አንብቤ ብቻ አይደለም። ከዓመታት በፊት ለአንድ የቡና ነጋዴ ማስታወቂያ ስንሠራ፣ ደላላ ያመጣልንን ልጅ ሃያ ዓመት ይሆናታል ብለን ቡና ስታፈላ ቀረጽናት። ማስታወቂያው መታየት ከጀመረ ከሁለት ሳምንት በኋላ እናቷ ሄርማታ አጠገብ ወደነበረው ቤታችን መጡ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ደጃፉ ላይ እንደቆሙ፣ «ልጄ፣ ልጄን የቀረጻችኋት እናንተ ናችሁ? አሥራ አምስቷን እንኳ አልደፈነችም እኮ» አሉኝ። «እናቴ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ» ከማለት በቀር የምመልሰው አልነበረኝም። መሳቢያውን ከፍቼ ያገኘሁት አንድ የክፍያ ደረሰኝ ነበር፤ በላዩ ላይ የልጅቱ ስም ያለ አባት ስም በእርሳስ ተጽፏል። ደላላው ስልኩን ዘግቷል። ማስታወቂያውን አወረድነው፣ ያወጣነውም ወጪ ቀረ። እናቲቱ ግን ገንዘብ አልጠየቁኝም፤ የጠየቁኝ «ማን ፈቀደላችሁ?» ብለው ነበር። ለዚህ ጥያቄ በወረቀት የምመልስበትን መንገድ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስፈልግ ቆይቻለሁ።

ግዴታው በሌላ አገርና በእኛ አገር

የተቀራጭን ዕድሜ ስለማረጋገጥና መዝገብ ስለመያዝ ከወጡት ሕጎች መካከል በዝርዝርነቱ የሚጠቀሰው፣ አሜሪካ ለአዋቂ ተመልካች ብቻ የሚሆን ወሲባዊ ምስል በሚያመርቱ ሰዎች ላይ እ.ኤ.አ. በ1988 የጣለችው ግዴታ ነው፤ ድንጋጌው በአገሪቱ ሕግ ርዕስ 18 ቁጥር 2257 ሥር ይገኛል። አምራቹ የእያንዳንዱን ተሳታፊ ባለ ፎቶ መታወቂያ መርምሮ ሕጋዊ ስሙንና የትውልድ ቀኑን እንዲመዘግብ፣ የመድረክ ስምና ቅጽል ስም ጨምሮ ከዚያ ቀደም የተጠራባቸውን ስሞች ሁሉ እንዲጽፍ፣ የመታወቂያውንና የምስሉን ቅጂ አያይዞ እንዲያስቀምጥ ያዝዛል። መዝገቡ ከሌላው የንግድ ሰነድ ተለይቶ በፊደል ወይም በቁጥር ተራ ይደረደራል፤ የት አድራሻ እንደሚገኝም በምስሉ ላይ በጽሑፍ መገለጽ አለበት። የማቆያው ጊዜ 7 ዓመት ሲሆን፣ ድርጅቱ ሥራውን ቢያቆም ከዚያ በኋላ ለ5 ዓመት መጠበቅ ይኖርበታል። በዚህ ሕግ ውስጥ እጅግ ትምህርት ሰጪ ሆኖ ያገኘሁት አንድ ነጥብ አለ፤ የተቀረጹት ሰዎች በሙሉ አዋቂ ሆነው ቢገኙም እንኳ መዝገቡን አለመያዝ በራሱ ወንጀል ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥፋትም እስከ 5 ዓመት እስራት ያስከትላል። ይህ ግዴታ ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2025 ጀምሮ ድረ ገጾችን ካስገደደችበት የተመልካች ዕድሜ ማጣራት ጋር መምታታት የለበትም፤ አንዱ የሚያየውን፣ ሌላው የሚታየውን ሰው ዕድሜ ይመለከታል።

በኢትዮጵያ ግን ሥራው ራሱ የተከለከለ ነው። የወንጀል ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 414/1996፣ በአንቀጽ 640 የብልግና ምስሎችንና ጽሑፎችን መሥራትንና ማሰራጨትን ያስቀጣል፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ በአንቀጽ 12 አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ወይም እንዲህ የሚመስል ሰው በወሲብ ድርጊት የሚታይበትን ምስል የሠራን፣ ያሰራጨን ወይም ይዞ የተገኘን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። «የሚመስል» የሚለው ቃል በአጋጣሚ የገባ አይደለም፤ ልብ ብሎ ማንበብ ይገባል። የቱንም ያህል የተጣራ መዝገብ ቢያዝ የተከለከለውን ሥራ ሕጋዊ አያደርገውም። ከአሜሪካው ሕግ የምንወስደው ሥልቱን ብቻ ነው፤ ሥልቱም ቡና ለምታፈላ ልጅም ሆነ በፍቅር ክሊፕ ላይ ለሚተውን ወጣት እኩል ያገለግላል።

ለእኛ ሥራ በቀጥታ የሚመለከቱን ሌሎች ድንጋጌዎች አሉ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር የከለከለ ሲሆን፣ ዕድሜው ከ15 እስከ 18 የሆነን ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ እንዲሁም በሳምንት የዕረፍት ቀንና በበዓል ማሠራትን አይፈቅድም። የክሊፕ ቀረጻ በአብዛኛው የሚመቸን በሌሊትና በእሑድ ስለሆነ፣ የ16 ዓመት ልጅ «ወላጁ ፈቅዷል» ተብሎ ብቻ በሌሊት ቀረጻ ላይ ሊቆም አይገባም። የተቀራጩን ዕድሜ ማወቅ የሥራውን ሰዓት ለመወሰንም ያስፈልገናል ማለት ነው።

የትኛው ሰነድ?

በጅማ አንድ ሰው ዕድሜውን እንዲያሳይ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚያወጣው የቀበሌ መታወቂያውን ነው። በሁሉም ሰው እጅ መገኘቱ ጥቅሙ ነው፤ ችግሩ ግን ብዙ ነው። በበርካታ አሮጌ መታወቂያዎች ላይ የሚገኘው የትውልድ ቀን ሳይሆን መታወቂያው በወጣበት ጊዜ የነበረው ዕድሜ ብቻ ነው፣ እርሱም ባለቤቱ የተናገረው። በጅማ ዙሪያ ካሉ ወረዳዎች ወደ ዓረብ አገር ለሥራ ለመሄድ የሚነሡ ልጃገረዶች ዕድሜያቸውን ማስጨመራቸው ደግሞ እኛ ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው፤ ለውጭ አገር ሥራ 18 ዓመት መሙላት ስለሚጠየቅ፣ 15 እና 16 ዓመት የሆናቸው ልጆች 20 እና 22 የሚል መታወቂያ ይዘው ይገኛሉ። ይኸው የተጨመረ ዕድሜ ከመታወቂያው ወደ ፓስፖርቱ ይሻገራል። ስለዚህ ፓስፖርት ከቀበሌ መታወቂያ የሚሻለው ለመፈብረክ አስቸጋሪ በመሆኑ ነው እንጂ፣ በውስጡ የተጻፈው የትውልድ ቀን የግድ ስለሚታመን አይደለም። ወደ ዓረብ አገር ሄዳ የተመለሰች ልጅ በያዘችው ፓስፖርት ላይ ብቻ ተመሥርቶ ውል መፈራረም ትልቅ ስህተት ነው እላለሁ።

በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት የሚሰጠው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ከሁሉም በተሻለ የሚመልሰው «ይህ ሰው ማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ነው። የጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌንና የፊት ምስል ስለሚወሰድ አንድ ሰው በሁለት ስም መመዝገብ አይችልም፤ 12 አሃዝ ያለው ቁጥሩም አብሮት ይኖራል። ካርዱ ላይ ያለውን ኪው አር ኮድ ማንበብ በፎቶሾፕ የተነካካ ካርድ ለመለየት ይረዳል። ነገር ግን ሰነድ የሌለው ሰው በምስክር ሊመዘገብ ስለሚችል፣ የትውልድ ቀኑ የሚታመነው ምዝገባው የተመሠረተበት ማስረጃ የሚታመነውን ያህል ነው። በአጭሩ ፋይዳ ማንነትን ያጸናል፤ ዕድሜን ግን ብቻውን አያጸናም።

የልደት የምስክር ወረቀት በስሙ ሲታይ የመጨረሻው መልስ ይመስላል። ሆኖም በአዋጅ ቁጥር 760/2004 የተደነገገው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ የጀመረው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ዛሬ 18 ዓመት ሞላኝ የሚል ወጣት የተወለደው ከዚያ ብዙ ዓመታት ቀደም ብሎ ስለሆነ፣ ወረቀቱ እንደ ተወለደ የተመዘገበ ሳይሆን ካደገ በኋላ የወጣ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱን ስንቀበል ዓይናችን የትውልድ ቀኑ ላይ ብቻ መቅረት የለበትም፤ የተመዘገበበትን ቀን ከጎኑ እናንብብ። በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ከተመዘገበ ወረቀቱ ብርቱ ማስረጃ ነው፤ ባለፈው ወር ከተመዘገበ ግን ባለፈው ወር የተነገረ ቃል ነው።

ሰነዶችን ለማነጻጸር በልምድ የደረስኩበት መመዘኛም ከዚህ የተቀዳ ነው። አንድን ሰነድ ስመዝን የማኅተሙን ትልቅነት ትቼ፣ ወረቀቱ በወጣበት ጊዜ ዕድሜ ለመጨመር የሚያነሣሣ ምክንያት ነበረ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። የሕፃንነት የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ካርድ፣ የ1ኛና የ2ኛ ክፍል የትምህርት ቤት ካርድ፣ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤት በማዕረጋቸው ከፓስፖርት በታች ናቸው፤ ነገር ግን በወጡበት ጊዜ በዕድሜ የሚዋሽበት ምክንያት እምብዛም አልነበረም። አንዲት ልጅ በፋይዳዋ 19 ዓመት ከሆናትና ከሦስት ዓመት በፊት በወጣ የ8ኛ ክፍል ካርድ ላይ 13 ተብሎ ከተጻፈ፣ የምናምነው ካርዱን ነው። ስለዚህ ምርጫዬ አንድ ሰነድ አይደለም፤ ፋይዳ ለማንነት፣ ከእርሱ ጋር በልጅነት የወጣ አንድ ወረቀት ለዕድሜ። ሁለቱ ከተስማሙ ሥራው ይቀጥላል፤ ካልተስማሙ ታናሹን ዕድሜ እንይዛለን።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መታወቂያን በተመለከተ ብዙ መናገር አያስፈልግም። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ሁሉ አዋቂ ነው ብሎ ማሰብ የተለመደ ቢሆንም፣ በመጀመሪያ ዓመት ውስጥ 17 ዓመት የሆናቸው ተማሪዎች አሉ። የደላላ ቃልና የጓደኛ ምስክርነት ከነጭራሹ ማስረጃ አይደሉም።

ዘመን አቆጣጠር፦ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ቦታ

በሌላ አገር የተጻፉ መመሪያዎች የማያነሡት፣ እኛ ግን በየቀኑ የምንጋፈጠው ችግር የሁለት ዘመን አቆጣጠር ጉዳይ ነው። አንድ መታወቂያ ላይ «05/11/2001» የሚል ተጽፎ አየን እንበል። እንደ አውሮፓውያን ካነበብነው ባለቤቱ ኖቬምበር 5 ቀን 2001 የተወለደ ሲሆን፣ በጥር 2018 ዓ.ም. ለቀረጻ ሲመጣ 24 ዓመት ሞልቶታል። በእኛ አቆጣጠር ካነበብነው ግን የተወለደው ሐምሌ 5 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው፤ ይህም በአውሮፓውያን ጁላይ 12 ቀን 2009 ስለሚሆን ልጁ ገና 16 ዓመት ተኩል ገደማ ነው። አንድ ወረቀት፣ አንድ ቁጥር፣ በመካከሉ የሰባት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ ልዩነት። ፓስፖርት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲጻፍ የትምህርት ቤት ካርድ በኢትዮጵያ ይጻፋል፤ የቀበሌው ጸሐፊ እንደ ልማዱ ይጽፋል፤ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚለው ምልክትም ብዙ ጊዜ ይቀራል።

መፍትሔው ቀላል ሆኖ ጥብቅ ነው። ምልክት የሌለበትን ቀን ሁልጊዜ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እናንብበው፤ ይህ ንባብ ሰውየውን ታናሽ ስለሚያደርገው፣ ብንሳሳት እንኳ ስህተታችን ማንንም አይጎዳም። በመዝገቡም ላይ ሁለቱንም ቀኖች ጎን ለጎን እንጻፍ። ዕድሜው የሚሰላው ውሉ በተፈረመበት ወይም ሥራው በሚታይበት ቀን ሳይሆን በተቀረጸበት ቀን ነው። ጳጉሜን 6 ቀን 1999 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ቢያጋጥም፣ 2017 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ያልነበራት በመሆኑ 18 ዓመት የሞላው መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው ብሎ መያዝ ይሻላል።

የስም ጉዳይ ከዚህ ያነሰ ቢሆንም መዝገብ ያበላሻል። በጅማ አንድ ሰው በአፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ በአማርኛ በፊደል፣ በፓስፖርት ደግሞ በሦስተኛ አጻጻፍ ይገኛል፤ በቅጽል ስሙ ብቻ የሚታወቅም አለ። ስለዚህ የአሜሪካው ሕግ ከሚፈቅዳቸው ሁለት አደራደሮች ለእኛ የሚስማማው በቁጥር መደርደር ነው። ለእያንዳንዱ ተቀራጭ ተራ ቁጥር ሰጥቶ፣ ስሙን እስከ አያት በመታወቂያው ላይ እንዳለ ገልብጦ፣ የሚጠራባቸውን ሌሎች ስሞች ከሥሩ መጻፍ። ያው ተራ ቁጥር በሃርድ ዲስኩ ላይ ባለው የቀረጻ ፎልደር ስም ላይ ከተደገመ፣ ከምስሉ ወደ ሰውየው፣ ከሰውየውም ወደ ምስሉ መድረስ ይቻላል። መዝገብ የሚባለውም እንዲህ ሲሆን ነው፤ ያለዚያ የፎቶ ኮፒ ክምር ነው።

ወረቀት፣ ኮምፒውተር ወይስ ስልክ?

ብዙዎቻችን ዛሬ የምንሠራው በሦስተኛው መንገድ ነው፤ መታወቂያውን በስልክ አንሥተን ቴሌግራም ላይ እናስቀምጣለን። ይህን አማራጭ በጥብቅ እቃወማለሁ። ስልኩ በሠራተኛ እጅ ይዞራል፣ ይሰረቃል፣ ይሸጣል፤ የልጆች መታወቂያና ምስል በአንድ ቦታ ተቀምጦ ክፉ ሰው እጅ ሲገባ የማስፈራሪያ መሣሪያ ይሆናል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲውልና በጥንቃቄ እንዲጠበቅ ስለሚጠይቅ፣ ይህ ልማድ ከሥነ ምግባርም አልፎ የሕግ ጥያቄ ያስነሣል።

ወረቀት የራሱ ብርታት አለው፤ ፊርማው የእጅ ነው፣ መብራት ቢጠፋም ይነበባል፣ ሰብሮ የሚገባበት ሩቅ ሰው የለም። የጅማ ዝናብ ግን ጠላቱ ነው። አንድ ክረምት የታችኛው መደርደሪያ ላይ የተውናቸውን ሁለት ክላሴሮች በመስከረም ስንከፍታቸው ወረቀቶቹ አብጠው እርስ በርስ ተጣብቀው አገኘናቸው፤ የማኅተሙ ሐምራዊ ቀለም ከጀርባ ባለው ገጽ ላይ ታትሞ ቀርቷል፣ በቀለም እስክሪብቶ የተፈረመው ፊርማ ደግሞ ውሃ የነካው ሰማያዊ ጉም ሆኗል። ከዚያ ወዲህ በኳስ እስክሪብቶ ብቻ እናስፈርማለን፤ እያንዳንዱ ፎርም በላስቲክ ሽፋን ውስጥ ይገባል፣ ክላሴሩም ከወለል ከፍ ብሎ በሚቆለፍ የብረት ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል።

ኮምፒውተር ለፍለጋ ወደር የለውም፤ በኤክሴል ዝርዝር ውስጥ ተራ ቁጥሩን ጽፎ በቅጽበት ማግኘት ይቻላል። ነገር ግን ኤዲት በምንሠራበት፣ ደንበኛ ፍላሹን በሚሰካበት ማሽን ላይ የመታወቂያ ቅጂ ማስቀመጥ አይገባም። የምመክረው ዋናውን በወረቀት ይዞ፣ ስካን የተደረገውን ቅጂ በይለፍ ቃል በተቆለፈ አንድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ማኖርና ዲስኩን ከስቱዲዮው ውጭ ማስቀመጥ ነው።

የመታወቂያ ቅጂ መያዝ የግድ ነው ወይስ አይቶ መመዝገብ ብቻ ይበቃል በሚለው ላይ ባለሙያዎች ይለያያሉ። የእኔ አቋም በሥራው ዓይነት ይወሰናል። ለመታወቂያ ፎቶ፣ ለምረቃና ለቤተሰብ ፎቶ ምንም ቅጂ አያስፈልግም። ለተራ ማስታወቂያ ሰነዱን አይቶ ዓይነቱን፣ ቁጥሩንና ያየውን ሰው ስም መጻፍ ይበቃል። ተዋናዮች እንደ ፍቅረኛ ወይም እንደ ባልና ሚስት የሚቀርቡበት ክሊፕና ፊልም፣ የዋና ልብስና የውስጥ ልብስ ማስታወቂያ ግን ቅጂ ያስፈልጋቸዋል፤ በእነዚህ ሥራዎች 18 ያልሞላውን ከነወላጁ ፈቃድም ቢሆን አልቀበልም። ሠርግን ለይቼ ላንሣው። የጋብቻ ዕድሜ 18 ስለሆነ፣ ሙሽራዪቱ ልጅ መሆኗ የሚያጠራጥር ከሆነ ቀብድ ከመቀበል በፊት መጠየቅ ይገባል። በጅሬን በአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ግቢ ፎቶ እያነሣን ሳለ የምንጠይቀው ጥያቄ አይደለም፤ ያን ጊዜ ረፍዷል።

ለምን ያህል ጊዜ?

አሜሪካ 7 ዓመት ስትል፣ የእኛ የዳታ አዋጅ ደግሞ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ አታቆዩ ይላል። ሁለቱን ለማስታረቅ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ይረዳናል፤ በአንቀጽ 1845 ከውል የሚመነጭ ክስ ይርጋ፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ በመሠረቱ 10 ዓመት ነው። ስለዚህ የፈቃድ ውሉንና የዕድሜ መዝገቡን ከቀረጻው ቀን ጀምሮ 10 ዓመት፣ ምስሉ ከዚያ በኋላም የሚታይ ከሆነ እስኪወርድ ድረስ ማቆየትን እመርጣለሁ። ተቀጥረው ሳይቀረጹ የቀሩ ሰዎች የመታወቂያ ቅጂ ግን ወዲያው መመለስ ወይም መቀደድ አለበት፤ ለማቆየት ምክንያት የለንም።

ብቻውን ለሚሠራ ባለሙያ፣ አንድ የመዝገብ ደብተር፣ አንድ ክላሴርና አንድ የተቆለፈ ሃርድ ዲስክ ይበቃሉ። ሦስትና አራት ሠራተኛ ያለው ቤት ግን ሰነድ የሚያይና የሚፈርም አንድ ሰው መሾም አለበት፤ ያ ሰው ካሜራማኑ ባይሆን ይመረጣል፣ ምክንያቱም መብራት ተተክሎ፣ ተከራይቶ የመጣ መኪና ቆሞ፣ ዘፋኙ እየጠበቀ ሳለ «መታወቂያሽን አልያዝሽም፣ ዛሬ አንቀርጽሽም» ለማለት የሚቸገረው እርሱ ነው። በሌላ ቤት የተቀረጸ ምስል ለኤዲት ብቻ ሲመጣልን፣ የአሜሪካው ሕግ አሳታሚውንም እንደሚያስገድደው፣ የዕድሜ መዝገቡን ቅጂ አብሮ መጠየቅ ይገባል፤ «እነሱ አይተውታል» የሚለው ቃል በእኛ ክላሴር ውስጥ ሊገባ አይችልም።

ፎርሙ ከአንድ ገጽ መብለጥ የለበትም። ተራ ቁጥር፣ ስም እስከ አያት፣ ሌሎች መጠሪያዎች፣ የትውልድ ቀን በሁለቱ አቆጣጠር፣ የታዩት ሁለት ሰነዶች ዓይነትና ቁጥር፣ የቀረጻው ቀንና ቦታ፣ በቀረጻው ቀን የሞላው ዕድሜ፣ ምስሉ የት እንደሚታይ፣ የተቀራጩ ፊርማ፣ የሁለት ምስክሮች ፊርማ፣ ሰነዱን ያየው ሰው ስም። አማርኛ ለማያነብ ሰው የአፋን ኦሮሞው ፎርም መዘጋጀት አለበት፤ ያልገባው ሰው የፈረመው ፈቃድ አይባልም። አንዱ ቅጂ ለተቀራጩ ይሰጣል፣ ወደ ቤቱ ይዞት ይሂድ፤ እናቱ ሲጠይቁ የሚያሳያቸው እርሱን ነው።